መቶ ሠላሳ ሁለት ክሬዲት

ተማሪዎቹ ፊት ለፊት «እትዬ» ይሏታል፤ ዞር ስትል ደግሞ «መመሪያ»። ቅጽል ስሟን ታውቀዋለች። ተቆጥታበት አታውቅም፤ እንዲያውም በሆዷ ደስ ሳይላት አልቀረም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍል የጸሐፊ መስኮት ላይ የተቀመጠች ሴት፣ በዚህ ትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪ ለመያዝ የሚያስፈልገውን ሁሉ እንደ ልጆቿ ስም በቃሏ ትወጣዋለች። ማይክሮ አንድና ሁለት፣ ማክሮ አንድና ሁለት፣ ሒሳብ ለኢኮኖሚስቶች፣ ስታትስቲክስ፣ ኢኮኖሜትሪክስ፣ በመጨረሻው ዓመት የመመረቂያ ጽሑፍ። በዋና ኮርስ ላይ ከ«ሲ» በታች አይፈቀድም። አጠቃላይ ነጥብ ከሁለት አይወርድም። ድምሩ መቶ ሠላሳ ሁለት ክሬዲት ነው። ዶክተሮቹ እንኳ ተማሪ ሲጠይቃቸው «እስቲ እትዬን ጠይቃት» ብለው ነው የሚገላገሉት።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ የማይገባ ነገር ነበር። ኮርሶቹን አንድ በአንድ የደመረ ሰው መቶ ሠላሳ አንድ ነው የሚያገኘው። አንዷ ክሬዲት ከየት እንደምትመጣ የሚያውቅ የለም፤ የዩኒቨርሲቲው ሴኔት ያጸደቀው ግን መቶ ሠላሳ ሁለት ነው። እሷም መላውን ካገኘችው ቆይታለች። በምርጫ ኮርስ ቦታ ከኮምፒውተር ክፍል «የኮምፒውተር አጠቃቀም»ን የወሰደ፣ ያ ኮርስ በላብራቶሪው ምክንያት አራት ክሬዲት ስለሆነ፣ ሞላለት ማለት ነው። ሌላ ባለ ሦስት ክሬዲት የመረጠ አንድ ይጎድልበታል። ኮርሱ በዓመት አንዴ ብቻ ስለሚሰጥ ደግሞ ዓመት ይጠብቃል። የሰማ ሰማ፣ ያልሰማ ቀረ። ያልሰማው መስኮቷ ላይ መጥቶ ሲለማመጣት «ምን ላድርግህ ልጄ፣ መመሪያው ነው» ትለዋለች። እውነትም ምን ታድርገው።

ከስድስት ዓመት በፊት እሷም ቅዳሜና እሁድ መማር ጀመረች። አርባ ሦስት ዓመቷ ነበር። ያስተማሯት ሁሉ ደብዳቤያቸውን የምትጽፍላቸው ሰዎች ናቸው፤ አንዱም አላዳላላትም። ኢኮኖሜትሪክስን ሁለት ጊዜ ወድቃ በሦስተኛው «ሲ» አገኘች፤ ያቺን «ሲ» ከሠርጓ ቀን አስበልጣ ነው የምትወዳት። የዕቅድ ክፍሉ ሹም «ወሩ ሳያልቅ ጊዜያዊ ዲግሪውን ካመጣሽ የባለሙያው ቦታ ያንቺ ነው፤ ካላመጣሽ ከውጭ እቀጥራለሁ» ብሏታል። በሚቀጥለው ዓመት ሃምሳ ትሞላለች። ከሃምሳ በኋላ ከጽሕፈት ወደ ባለሙያ ማዕረግ መዛወር የለም፤ እሱም መመሪያ ነው። ስለዚህ ወይ በዚህ ወር፣ ወይ እስከ ጡረታ እዚያው መስኮት ላይ።

ማክሰኞ ጠዋት የምሩቃን ዝርዝር ከሬጅስትራር መጣ። ዝርዝሩን ሰሌዳ ላይ የምትለጥፈው እሷ ናት። አራቱንም ጥግ በስፒል ወግታ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብላ የራሷን የመታወቂያ ቁጥር ፈለገች። አጣችው። መነጽሯን ጠርጋ ከላይ እስከ ታች በጣቷ ወረደች። የለም። ከሥሩ «ያላሟሉ» የሚል ሌላ ወረቀት ነበር፤ እሱንም በገዛ እጇ ነው የለጠፈችው። የመጀመሪያው መስመር ላይ ቁጥሯ አለ፤ ከጎኑ «ጉድለት፦ 1 ክሬዲት» ይላል።

ቀጥ ብላ ሬጅስትራር ሄደች። መስኮት ሦስት ላይ የተቀመጠው ሠላሳ ሁለት ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ ቀጭን፣ ቃል የማያበዛ ሰው ነው። የኢኮኖሚክስ ፋይል በሙሉ በእሱ እጅ ነው።

«ስህተት አለ» አለችው። «ኮምፒውተሩን ወስጄአለሁ። አራት ክሬዲት ነው።»

ማሕደሯን ገለጠና ወደ እሷ አዞረላት። «አራት የነበረው ድሮ ነው እትዬ። እርስዎ በወሰዱበት ሴሚስተር የላብራቶሪ ሰዓቱ ተቀንሶ ሦስት ሆኗል።»

«ለእኛ ማን ነገረን?»

«ደብዳቤ ተጽፎላችኋል። የደረሰኝ ፊርማ አለ።»

ፊርማው የእሷ አልነበረም። ለኢኮኖሜትሪክስ ፈተና ልታጠና የዓመት ፈቃድ በወጣችበት ወር፣ በቦታዋ የተተካችው ልጅ ፈርማ ትሪው ሥር ወርውራዋለች።

«እና አሁን ምን ይሻላል?»

«ወይ በሚቀጥለው ዓመት አንድ ኮርስ ይጨምራሉ፣ ወይ ከትምህርት ክፍሉ ልዩ ደብዳቤ ያመጣሉ። እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ዝርዝሩ ወደ ሴኔት ይሄዳል።» ማሕደሯን ከድኖ «መመሪያው ነው» አለ።

በገዛ ቃሏ ሲመልስላት ሲያሾፍባት መስሏት ፊቱን አየችው። አላሾፈም። ሰውየው የሚያውቀውን ነው የተናገረው።

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ሮጠች። የኮምፒውተር ክፍሉ ሹም ማሽኖቹ ስላረጁ ሰዓቱ እንደተቀነሰ፣ ውሳኔው ግን የእሱ ሳይሆን የዲን ቢሮ መሆኑን ነገራት። ዲን ቢሮ ውሳኔው የኮምፒውተር ክፍሉ እንደሆነ ነገሯት። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው። የዲኑ ጸሐፊ የአሥራ አምስት ዓመት ወዳጇ ናት፤ ወንበር ስባ አስቀመጠቻትና የልዩ አስተያየት ቅጽ ሰጠቻት። ቅጹ ላይ አንድ ሣጥን አለ፦ «መመሪያው ይህን የክሬዲት መጠን የወሰነበት ምክንያት ይገለጽ»።

«ምክንያቱ ምንድን ነው?» አለች የዲኑ ጸሐፊ፣ ብዕሯን አንስታ።

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

«አንቺ ካላወቅሽ ማን ሊያውቅ ነው እህቴ? ሳይሞላ ዲኑ አይፈርምም።»

ደሟ ፈላ። ስድስት ዓመት ቅዳሜና እሁዷን የበላ ዲግሪ፣ ማንም ምክንያቱን በማያውቀው አንድ ቁጥር ላይ ተሰቅሎ ቀረ።

ወደ ቤት ስትሄድ በባሏ ፀጉር ቤት በኩል አለፈች። ባሏ መቀስ ከያዘ ምላሱን አይዝም። የሚስቱን ምርቃት ለደንበኛው ሁሉ አውርቶ፣ ገና ከመንገድ ማዶ ሆነው «እንኳን ደስ አለሽ» የሚሏት ሰዎች በዝተዋል። በሳሙና አረፋ የተሸፈነ ሰው አጋድሞ ይላጫል።

«ይኸውልህ፣ ኢኮኖሚስቷ መጣች» አለ ለደንበኛው። ፊቷን ሲያይ ምላጩን አስቀመጠ። «ምን ሆንሽ?»

ነገረችው።

«አንድ ክሬዲት? አንድ ክሬዲት ማለት ስንት ነው?»

«በሳምንት አንድ ሰዓት ክፍል ውስጥ መቀመጥ።»

«ታዲያ አንቺ እዚያ ሕንፃ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጠሽ የለም እንዴ?» ደንበኛው ከአረፋው ሥር ሳቀ። ባሏ ግን አልሳቀም። «ለስንቱ ደብዳቤ ጽፈሻል። ለራስሽም ጻፊ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ።»

«እኔ ለማንም ልዩ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም» አለችና ወጣች። የተናደደችው በእሱ አልነበረም፤ የተናደደችው ነገሩ እውነት ስለሆነ ነው። ለማንም ጽፋ አታውቅም።

ሐሙስ ጠዋት የብረት ቁምሳጥኑን ከፈተች። መመሪያው የጸደቀው ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ነው፤ ምክንያት ካለ የኮሚቴው ረቂቅ ውስጥ መሆን አለበት። ከታችኛው መሳቢያ፣ አቧራ ከጠጡ ቃለ ጉባኤዎች መሃል አገኘችው። ጠርዙ የቆሸሸ ሐምራዊ ፋይል ነው። በመጨረሻው ስብሰባ ቀን የተሰጣት ወረቀት፣ በወቅቱ የነበሩት ሽማግሌው ሰብሳቢ በቀይ እስክሪብቶ ያረሙት፣ እንዳለ አለ።

ሠንጠረዡን ተመለከተች። በሃያ ሰባተኛው ረድፍ «የሰውነት ማጎልመሻ፣ 1 ክሬዲት» የሚለው በቀይ ተሰርዟል። ያን ቀን ትዝ አላት። ምሳ ሰዓት ደርሶ፣ ኮሚቴው በሩ ላይ ቆሞ፣ ሽማግሌው ወረቀቱን እያቀበሏት «ስፖርቱን አውጪው፣ ለኢኮኖሚስት ሩጫ ምን ያደርግለታል» ብለው አሳቋት። ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብላ ረድፉን አጠፋችው። ሠንጠረዡ ራሱን ሰበሰበ። አትማ ሰጠቻቸው፤ አራቱም ፈርመው ምሳቸውን ሄዱ።

ወረቀቱን ገለበጠችው። ጀርባው ላይ በዚያው ቀይ እስክሪብቶ «ድምሩ 131 ይሁን» ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ረድፉን አጥፍታ ድምሩን ትታዋለች። ጀርባውን አላየችም። አራት የኢኮኖሚክስ ዶክተሮች ከፊቷ ቆመው ከመካከላቸው አንድ እንኳ አርባ ያህል ቁጥሮችን አልደመረም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የፈለገችው ምክንያት እሷው ነበረች፤ በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉት በራሷ አሳጠረች እንደተባለው ነው።

ሳቋ መጣ፤ ብዙ ግን አልቆየም። በላይኛው መደርደሪያ የአሥራ ሁለት ዓመት «ያላሟሉ» ዝርዝሮች አሉ። አወረደቻቸው። «ጉድለት፦ 1 ክሬዲት» የሚለውን ብቻ በእርሳስ እያከበበች ሄደች። ሠላሳ ሰባት ሰው ሆኑ። ሠላሳ ሰባት ዓመት ነው፤ የእያንዳንዱ አንድ አንድ። በስምንተኛው ዝርዝር ላይ ያከበበችው ቁጥር የመስኮት ሦስቱ ሰው የተማሪነት ቁጥር መሆኑን አወቀች። ያኔ በአንድ ቅጠል ወረቀት ላይ ኮርሶቹን ሁሉ በሥርዓት ደምሮ አምጥቶላት ነበር። «እትዬ፣ ቢደመር መቶ ሠላሳ አንድ ነው የሚመጣው፤ ስህተት ይኖር ይሆን?» አላት። እሷም ወረቀቱን ሳታነበው መለሰችለት። «አንተ ከሴኔት ትበልጣለህ?» ነው ያለችው። ከኋላው የተሰለፉት ስቀውበታል።

ፋይሉን ይዛ ወደ ትምህርት ክፍል ኃላፊው ገባች። ወጣት ዶክተር ነው፤ እሱም ድሮ በእሷ መስኮት ያለፈ ተማሪ ነበር፤ ኮምፒውተሩን በሰዓቱ የወሰደ። ወረቀቱን ፊቱንም ጀርባውንም አየ። ተነስቶ በሩን ዘጋ።

«ይህን ሌላ ማን አይቶታል?»

«ማንም።»

«እትዬ፣ በሚቀጥለው ወር የጥራት ገምጋሚዎች ይመጣሉ። አሥራ ሁለት ዓመት በተሳሳተ ድምር ስናስመርቅ ነበር ብለን እንነሳ? ይልቅ ለእርስዎ ልዩ ደብዳቤ አሁኑኑ እፈርማለሁ። ቅጹ ላይ ምክንያት የሚለውን ‹የአገልግሎት ዘመን› ብለን እንሙላው፤ ዲኑን እኔ አነጋግራለሁ። እርስዎ ይመረቁ። ይህንን ደግሞ ቀስ ብለን እናስተካክለዋለን።»

ደብዳቤውን ራሷ ጻፈችው። ጣቶቿ የለመዱት ነው፤ አንድም ስህተት አልነበረበትም። ከሰዓት በኋላ የዲኑም ፊርማ አረፈበት። ማታ ባሏ ደስ ብሎት ለብቻው አወራ፤ እሷ ግን እህል አልወረደላትም። «ቀስ ብለን እናስተካክለዋለን» የሚለውን ቃል ታውቀዋለች። የዚያን ቢሮ ቃለ ጉባኤ ሁሉ የጻፈችው እሷ ናት። በዚያ ቃል የተዘጋ ነገር ተመልሶ ሲከፈት አንድ ጊዜ እንኳ አላየችም።

ዓርብ አምስት ሰዓት ላይ መስኮት ሦስት ደረሰች። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ተሰለፈች። በአቃፊዋ ውስጥ ሁለቱም ወረቀቶች አሉ። ተራዋ ሲደርስ ደብዳቤውን አወጣች። የባለሙያውን ቦታ ትፈልገዋለች። ስድስት ዓመት ሠርታበታለች። ኢኮኖሜትሪክስን ማንም አልሰጣትም።

ባለ መስኮቱ ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች አነበበው። ፊርማዎቹን አመሳከረ። ቀና ሲል ፊቱ ላይ ቅሬታ አልነበረም።

«ጥሩ ነው እትዬ። ሞልቷል። እንኳን ደስ አለዎት» አለ። ማኅተሙን ሲፈልግ ጨመረ፦ «እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ እንዳለ አላውቅም ነበር። እኔ ዓመት ስቆይ ማለቴ ነው። ባንክ ተቀጥሬ ነበር፤ በዚያው ዓመት የጨረሰ ብቻ ነበር የሚፈልጉት። ብጠይቅ ኖሮ...» ነገሩን አልጨረሰውም። ማኅተሙን አገኘው።

«ቆይ» አለችው።

እጁ ላይ የነበረውን ደብዳቤ በመስኮቱ ሥር እጇን አሾልካ ሳበችው። በምትኩ በቀይ የተጻፈበትን ወረቀት አስገባች፤ መጀመሪያ በፊቱ፣ ቀጥላ በጀርባው።

አየው። ካልኩሌተሩን አውጥቶ ደመረ። ሰርዞ እንደገና ደመረ። ከኋላዋ ያሉት ተማሪዎች ማጉረምረም ጀመሩ።

«ማን ነው የተሳሳተው?» አለ በቀስታ።

«እኔ ነኝ። ረድፉን አጥፍቼ ድምሩን ትቼዋለሁ። አንተ ልክ ነበርክ። ደምረህ ስታመጣልኝ አላነበብኩትም።»

ወረቀቱን እንደገና ገልብጦ አየው። ልትወቀስ ተዘጋጅታ ነበር፤ ቢሰድባት ይቀላት ነበር። እሱ ግን እንደ ሥራው ተናገረ።

«ይህን በገቢ መዝገብ ካስገባሁት ጉዳዩ የሴኔት ይሆናል። ሴኔቱ እስኪወስን ድረስ መቶ ሠላሳ አንድ ያለው ማንም ሰው ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ልዩ ደብዳቤውም አይሠራም። የሚቀጥለው ስብሰባ ከሦስት ወር በኋላ ነው።»

«አውቃለሁ። ስብሰባውን የምጠራው እኔ ነኝ።»

«ላስገባው?»

ሁለተኛ ፎቅ ላይ በዕቅድ ክፍሉ ያለውን ባዶ ወንበር አሰበች። ሃምሳን አሰበች። ንዴቷን በእሱ ላይ እንዳታወርደው ጥፋቱ የእሱ አይደለም፣ በሽማግሌው ላይ እንዳታወርደው ሞተዋል።

«አስገባው።»

መዝገቡን ገልጦ ቀኑንና ቁጥሩን ጻፈ። በረቂቁ ላይ «ገቢ ሆኗል» የሚለውን ማኅተም መታ፤ ግልባጩን ሰጣት። ከዚያም ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሩ ላይ ወደፊት ጠጋ አለ።

«እትዬ፣ ሴኔቱ ካጸደቀው የእኔም ማሕደር ይስተካከላል ማለት ነው?»

«ይስተካከላል። የሠላሳ ሰባቱም።»

«የቆየሁት ዓመትስ?»

በትምህርት ክፍሉ መስኮት ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ስትጠየቅ ኖራለች። አንድ ቀን እንኳ መልስ ጠፍቷት አያውቅም፤ የትኛው አንቀጽ፣ የትኛው ቅጽ፣ የትኛው ቢሮ እንደሆነ ሁልጊዜ ታውቃለች።

«አላውቅም» አለችው፤ ከኋላዋ ለቆመው ተማሪም ቦታ ለቀቀችለት።